የራስ ቁርና ሐኪሙ፦ የሰር ሂው ኬርንስ የሕይወት ታሪክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ አምቦ የሚገባው፣ ከዚያም ጉደርንና ጌዶን አልፎ በባኮ በኩል ወደ ነቀምቴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ምዕራብ ሸዋን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። በገበያ ቀን በዚህ መንገድ ላይ የማይተላለፍ ነገር የለም፤ የተጫነ አህያ፣ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ተሳቢ የጭነት መኪና፣ በእነዚህ ሁሉ መካከል ደግሞ እየተሹለከለከ የሚያልፍ ሞተር ብስክሌት። የግብርና ባለሙያው ወደ ገጠር ቀበሌ የሚወርደው፣ የጤና ሠራተኛው ክትባት የሚያደርሰው፣ ነጋዴው ከአምቦ ጉደር የሚመላለሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ባለ ሁለት እግር መኪና ነው። ሲወድቅ ደግሞ ቀድሞ መሬት የሚነካው ብዙውን ጊዜ ራሱ ነው።

በዚያ አካባቢ የሚሠሩ የማኅበራችን አባላት ለመጽሔቱ አዘጋጆች አንድ ጥያቄ አቅርበው ነበር። ይኸውም ለሞተረኛ የሚሻለው የራስ ቁር፣ በተለምዶ ሄልሜት የምንለው፣ የትኛው ነው? ለሞተር ብስክሌት ተብሎ የተሠራው ነው ወይስ ለመኪና እሽቅድምድም ተብሎ የተሠራው፣ ዋጋውም ክብሩም ከፍ ያለው? የትኛው ይመቻል፣ የትኛውስ ያድናል? አዘጋጆቹ መልሱን እንድጽፍ ባዘዙኝ ጊዜ ጥያቄውን ለብቻው ነጥሎ ከማየት ይልቅ፣ ይህንኑ ጥያቄ በሐኪም ዐይን ተመልክተው፣ የሞቱትንና የተረፉትን ቆጥረው መልስ የሰጡትን ሰው ታሪክ መተረኩ የተሻለ መስሎ ታየኝ። እኒህ ሰው ሰር ሂው ኬርንስ ናቸው። በሙያ ጓደኞቻችን ዘንድ ስማቸው የታወቀ ቢሆንም ከራስ ቁር ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ሂው ዊልያም ቤል ኬርንስ የተወለዱት በ1896 በደቡብ አውስትራሊያ፣ ፖርት ፒሪ በምትባል የወደብ ከተማ ነው። አባታቸው ከስኮትላንድ የፈለሱ የእንጨት ሠራተኛ ነበሩ። ልጅነታቸውን ያሳለፉት ሪቨርተን በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ሲሆን፣ በትምህርታቸው ብርቱ ስለነበሩ ወደ አደሌይድ ተሻግረው በዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ጀመሩ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ትምህርታቸውን አቋርጠው በ1915 በተራ ወታደርነት ተመዘገቡና ሊምኖስ በተባለችው የግሪክ ደሴት ላይ በነበረው የአውስትራሊያ ጦር ሆስፒታል አገለገሉ። እዚያ ሳሉ የአንጀት ተስቦ ስለያዛቸው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1917 ተመርቀው፣ በዚህ ጊዜ በመኮንንነት፣ ዳግመኛ ወደ ጦር ሜዳ ሄዱ፤ በ1918 ፈረንሳይ ነበሩ።

ከጦርነቱ በኋላ የሮድስ የትምህርት ዕድል አግኝተው ኦክስፎርድ ባሊዮል ኮሌጅ ገቡ። ቁመተ መልካምና ጠንካራ ስለነበሩ በ1920 ኦክስፎርድ ከካምብሪጅ ጋር በየዓመቱ በሚያደርገው የጀልባ ቀዘፋ ውድድር ተሰለፉ። በ1921 የኮሌጁን የበላይ ኃላፊ ልጅ ባርባራ ስሚዝን አገቡ። የእንጨት ሠራተኛው ልጅ በጥቂት ዓመት ውስጥ ከእንግሊዝ አገር ታላላቅ የትምህርት ቤተሰቦች አንዱ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ይህ ዝምድና በኋላ ለሥራቸው ሳይጠቅማቸው አልቀረም።

የሕይወታቸውን አቅጣጫ የለወጠው ግን ከ1926 እስከ 1927 በቦስተን ያሳለፉት አንድ ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ የአንጎል ቀዶ ሕክምናን ራሱን የቻለ ሙያ ያደረጉት ሃርቪ ኩሺንግ ነበሩ። ኩሺንግ ቀዶ ሕክምና ሲያደርጉ አይቸኩሉም፤ የሚፈሰውን ደም ጠብታ በጠብታ እየገቱ ሰዓታት ይቆያሉ። ከዚህም በላይ የእያንዳንዱን በሽተኛ ታሪክ፣ ሥዕልና ውጤት በጥንቃቄ መዝግበው ያኖራሉ። ኬርንስ ከኩሺንግ የወሰዱት የእጅ ጥበቡን ብቻ ሳይሆን ይህንኑ የመዝገብ ፍቅር ነው። በእኔ አስተያየት ለራስ ቁር ታሪክ የጠቀመው ከእጁ ይልቅ መዝገቡ ነው። ወደ ለንደን ሆስፒታል ተመልሰውም በእንግሊዝ አገር ገና በአጠቃላይ ቀዶ ሐኪሞች እጅ የነበረውን የአንጎል ሕክምና ለብቻው እንዲቆም ከሚታገሉት ጥቂት ሐኪሞች አንዱ ሆኑ።

በግንቦት 1935 ኬርንስ ወደ ደቡብ እንግሊዝ በአስቸኳይ ተጠሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከዐረቦች ጋር ተሰልፈው የዓለምን ዝና ያተረፉት ቲ. ኢ. ሎሬንስ ከሠራዊቱ አገልግሎት በተሰናበቱ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በ13ኛው ቀን፣ ክላውድስ ሂል ከተባለው ጎጇቸው አጠገብ ብራፍ ሱፒሪየር በተባለው ፈጣን ሞተር ብስክሌታቸው ሲሄዱ፣ በመንገዱ ላይ ብስክሌት የሚነዱ ሁለት ልጆች ድንገት ታዩዋቸው። እነርሱን ለማዳን ሲያጥፉ ተስፈንጥረው ወደቁ። በራሳቸው ላይ ቁር አልነበረም። በቦቪንግተን የጦር ሰፈር ሆስፒታል ስድስት ቀን ራሳቸውን ሳያውቁ ቆይተው በ19ኛው ቀን ዐረፉ። ከጥሪ ሐኪሞቹ አንዱ የነበሩት ኬርንስ በዚያን ጊዜ በነበረው ሙያ ሊያደርጉ የሚችሉት ነገር አልነበረም። ዕድሜያቸው ገና 46 የነበረ፣ ከራሳቸው በስተቀር ሰውነታቸው ብዙ ያልተጎዳ ሰው ነበር የሞቱት።

ኬርንስን ወደ ራስ ቁር የመራቸው ይህ ሞት ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አያሌ ናቸው። ታሪኩ ያማረ ስለሆነ ይደጋገማል። ነገር ግን በሎሬንስ ሞትና በኬርንስ የመጀመሪያ ጽሑፍ መካከል ስድስት ዓመት እንዳለፈ ማስታወስ ይገባል። የአንድ ታላቅ ሰው ሞት ሐኪምን ሊያሳዝነው ይችላል፤ ኬርንስ ግን ሐሳባቸውን በጽሑፍ ያወጡት ስማቸው የማይታወቅ በመቶና በሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች በተከታታይ በሞቱ ጊዜ ነው።

በዚህ መካከል አንድ የሚያስገርም ነገር ሆነ። ብስክሌትና ሞተር ብስክሌት ከመሥራት ተነሥተው የሞሪስን መኪና በኦክስፎርድ በብዛት በማምረት የበለጸጉት ሎርድ ናፊልድ በ1936 ለኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ማስፋፊያ ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ ሰጡ። የዕቅዱ አንዱ አባት ኬርንስ ስለነበሩ በ1937 የመጀመሪያው የናፊልድ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ። ስለሆነም ሞተር ያመጣውን የራስ ጉዳት ለማጥናት የሚያስችለው ወንበር የተመሠረተው ከሞተር በተገኘ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንደ ተጀመረ ኬርንስ የእንግሊዝ ጦር የአንጎል ቀዶ ሕክምና አማካሪ ሆኑ። በ1940 በኦክስፎርድ ሴንት ሂውዝ በተባለው የሴቶች ኮሌጅ ውስጥ የራስ ጉዳት ወታደራዊ ሆስፒታል አቋቋሙ፤ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ድረስ ወደ 13,000 የሚጠጉ ቁስለኞች ታክመውበታል። ሐኪሞቹ የጠበቁት የጥይትና የፍንጣሪ ቁስል ነበር። ከጦር ሜዳው አስቀድሞ የመጣው ግን ከገዛ አገራቸው መንገድ ላይ የወደቀው መልእክት አድራሽ ሞተረኛ ነው። የአየር ድብደባ ስለሚፈራ በሌሊት መብራት ሁሉ ይጠፋል፤ ሞተረኛው ወረቀቱን ይዞ በጨለማ ይበራል፤ ከጭነት መኪና ወይም ከግንብ ጋር ይላተማል። ብዙዎቹም ሞተር መንዳት የተማሩት በጥቂት ሳምንት ውስጥ ነበር።

ኬርንስ በጥቅምት 1941 በብሪታንያ የሐኪሞች መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ ሒሳቡን አቀረቡ። በጦርነቱ የመጀመሪያ 21 ወራት ውስጥ 2,279 ሞተረኞችና ከኋላ የተፈናጠጡ ሰዎች በመንገድ አደጋ ሞተዋል። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት 21 ወራት የሞቱት 1,884 ስለነበሩ ጭማሪው 21 በመቶ ነው። ከሁሉ የበለጠው የሞት ምክንያት የራስ ጉዳት ነበር። ከዚህ አጠገብ ያኖሩት ሌላው ቁጥር እጅግ ትንሽ ነው፤ ቁር አድርገው ተጋጭተው ወደ እርሳቸው የመጡ ሞተረኞች ሰባት ብቻ ነበሩ። ሰባቱም ዳኑ፤ የአንጎላቸውም ጉዳት ቀላል ሆኖ ተገኘ። ሰባት ሰው ማስረጃ አይሆንም የሚል አይጠፋም፣ ትክክልም ነው። ኬርንስ ግን ሰባቱን ያዩት ቁር ሳያደርጉ በየቀኑ ከሚመጡላቸው ጎን አስቀምጠው ነው። ከሰባቱም የአንዳንዶቹ ቁር በግጭቱ ተጎድቶ ስለነበር፣ ምቱ የራስ ቅል ላይ ቢያርፍ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ከቁሩ ላይ ማንበብ ይቻል ነበር።

ከአንድ ወር በኋላ፣ በኅዳር 1941፣ የእንግሊዝ ጦር በሥራ ላይ ያለ ሞተረኛ ሁሉ ቁር እንዲያደርግ አዘዘ። በሐኪምና በሹም መካከል እንዲህ ያለ ፈጣን መግባባት ሁልጊዜ የሚገኝ አይደለም።

ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ኬርንስ ጉዳዩን አልተዉትም፤ የእኛ ጥያቄ የሚነሣውም እዚህ ላይ ነው። ለጦሩ የታደሉት ቁሮች ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው ከጠነከረ ጎማ፣ ሁለተኛው ተጨምቆ ከደረቀ የእንጨት ጭረት የተሠራ ነበር። ሁለቱም ራስ ላይ በቀጥታ አያርፉም፤ በውስጣቸው የተዘረጋ የጠፍር መረብ በራስና በቅርፊቱ መካከል ክፍተት ይተዋል። ኬርንስ ሆልቦርን ከተባሉ የኦክስፎርድ የፊዚክስ ሊቅ ጋር ሆነው ቁር አድርገው የተጋጩ የ106 ሞተረኞችን ታሪክ ሰበሰቡ። የተሰነጠቁትንና የተላጡትን ቁሮች ራሳቸውን እየመረመሩ ምቱ የት እንዳረፈ፣ ሰውየው ለምን ያህል ጊዜ ራሱን እንደሳተ፣ ቅሉ ተሰብሮ እንደሆነ አመሳከሩና በ1943 አሳተሙ። ዛሬ ሁለት የራስ ቁሮችን የሚያወዳድር ሰው ሁሉ በዚያው መንገድ የሚሄድ ነው።

ሆልቦርን በዚያው ዓመት ለብቻቸው ያወጡት ጽሑፍ ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ነገር አለው። አንጎል እንደ ውኃ በቀላሉ የማይጨመቅ፣ ነገር ግን እንደ ረጋ ጄላቲን በቀላሉ የሚላወስ ነገር መሆኑን ተመልክተው፣ ከቀጥተኛ ምት ይልቅ ራስ በድንገት ሲሽከረከር አንጎል በቅሉ ውስጥ እየተንሸራተተ እንደሚቀደድ አስረዱ። ይህንንም በጄላቲን በተሞላ የቅል አምሳያ አሳዩ። እንግዲህ ጥሩ ቁር የሚባለው ቅሉ እንዳይሰበር የሚከላከለው ብቻ አይደለም፤ የምቱን ኃይል አዘግይቶ፣ አለስልሶ፣ መሽከርከሩንም ቀንሶ ወደ ራስ የሚያደርሰው ነው። የዓለም መንግሥታት የሚከተሉት የአውሮፓ የሞተረኛ ቁር ደንብ፣ 22ኛው የሚባለው፣ ይህን የመሽከርከር ፈተና ያስገባው በ2021 ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ ነው። ሆልቦርን ከጻፉት ወደ 80 ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማለት ነው።

በ1946 ኬርንስ ከ1939 እስከ 1945 የሞቱትን ሞተረኞች በየወሩ የሚያሳይ ሥዕላዊ መግለጫ አሳተሙ። መሥመሩ እስከ 1941 መጨረሻ ይወጣል፤ ከኅዳሩ ትእዛዝ በኋላ ወርዶ ይቀራል። በእርግጥ በዚያ ዘመን ቤንዚን በራሽን ስለነበር የሲቪሉ ጉዞ ቀንሷል፤ የመውረዱ ምክንያት ሁሉ ቁር ነው ማለት አይቻልም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ 61 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ግን ነገሩን አጽንቶታል፤ ቁር ያደረገ ሞተረኛ በአደጋ የመሞቱ ዕድል በ42 በመቶ፣ ራሱ የመጎዳቱ ዕድል ደግሞ በ69 በመቶ ያንሳል። ስለ ፊትና ስለ አንገት ጉዳት፣ እንዲሁም የትኛው የቁር ዓይነት ከየትኛው እንደሚበልጥ ለመፍረድ ግን ያው ሥራ ማስረጃው እንዳልበቃ ይናገራል።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል ኬርንስ የራስ ቁር ፈልሳፊ እንዳልነበሩ መናገር አለብኝ። በለንደን አጠገብ ብሩክላንድስ በተባለው የእሽቅድምድም ሜዳ ሐኪም የነበሩት ኤሪክ ጋርድነር ሞተረኞች ራሳቸውን ሲመቱ አይተው፣ ከሸራና ከሙጫ የተሠራ ቁር አሠርተው በ1914 በማን ደሴት ለሚደረገው ታላቅ የሞተር ውድድር አቅርበዋል። የውድድሩ ማኅበር መጀመሪያ ነቅፎት በኋላ አስገዳጅ አደረገው። ከውድድሩ በኋላ የደሴቲቱ ሐኪም፣ በየዓመቱ ይመጡላቸው የነበሩት የአንጎል መናወጥ በሽተኞች በዚያ ዓመት እንደቀሩባቸው ለጋርድነር ጽፈውላቸዋል ይባላል። የመኪና ተወዳዳሪዎች ግን በ1930ዎቹም በቀጭን የጨርቅ ቆብ ይነዱ ነበር። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ማኅበር በታላላቅ ውድድሮች ቁርን ግዴታ ያደረገው በ1952 ነው። መኪናው ከሞተር ብስክሌቱ 38 ዓመት ዘግይቶ የተማረው ትምህርት ነበር።

ከዚያ በኋላ ግን የመኪናው ቁር በራሱ መንገድ ሄደ። በ1956 ስኔል የተባለ አሜሪካዊ ተወዳዳሪ ቁር አድርጎ እያለ መኪናው ተገልብጣ በራስ ጉዳት ሞተ። ጓደኞቹ በማግሥቱ ዓመት በስሙ ያቋቋሙት ድርጅት ቁሮችን በብረት ላይ እየጣለ የሚፈትን ሆነ። በ1950ዎቹም የጠፍሩ መረብ ቀርቶ በግጭት ጊዜ እየተጨፈለቀ ኃይሉን የሚውጥ ፎም በቅርፊቱ ውስጥ ተለበጠ። በ1968 አሜሪካዊው ዳን ገርኒ አገጭን ጨምሮ ፊትን ሁሉ የሚሸፍነውን ቁር አድርጎ በጀርመን ታላቅ ውድድር ላይ ቀረበ። ያ ቅርጽ ዛሬ በመኪናውም በሞተሩም ላይ የምናየው ነው፤ አንባቢን የሚያሳስተውም ይኸው የውጭ መመሳሰል ነው።

በውስጣቸው ሁለቱ ይለያያሉ። የመኪና ተወዳዳሪ በመቀመጫው ላይ በጠፍር ታስሯል። ራሱ ከመኪናው አይወጣም፤ ከበላዩ ካለው የብረት ዘንግ ጋር ግን ደጋግሞ ሊላተም ይችላል፤ ነዳጅ ፈስሶ እሳት ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ የመኪናው ቁር በዘንግ አምሳያ ብረት ላይ ይፈተናል፤ የውስጥ ጨርቁ እሳት እንዳይዘው ሆኖ ይሠራል፤ የዐይኑ መክፈቻ ጠበብ ይላል፤ አንገትን የሚይዘው መሣሪያ የሚታሰርበትም ቦታ አለው። ሞተረኛው ግን ምንም አላሰረውም። ይወረወራል፣ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ይመታዋል። ስለዚህ የእርሱ ቁር በዝርግ ብረትና በጠርዝ አምሳያ ላይ ይፈተናል። ትከሻውን አልፎ ወደ ኋላ የሚመለከተው ብዙ ስለሆነ የዐይኑ መክፈቻ ወደ ጎን ሰፊ ነው። ነፋስ የሚያስገቡ ቀዳዳዎችም አሉት። እሳት ስለሚከለክለው ጨርቅ ግን የሞተረኛው ደንብ አይጠይቅም።

እንግዲህ መልሱ ቀላል ነው። የእሽቅድምድም መኪና ቁር አድርጎ ከጊንጪ አምቦ የሚነዳ ሰው በማያገኘው እሳት ላይ ጥበቃ ገዝቶ በየደቂቃው የሚያስፈልገውን የጎን እይታ ሸጧል። የሞተረኛ ቁር አድርጎ ወደ መኪና እሽቅድምድም የሚገባውም እንዲሁ ተሳስቷል፤ ፈታሾቹም አያሳልፉትም። ዋጋው የናረው ቁር ለሌላ ዓይነት አወዳደቅ የተሠራ መሆኑን ዋጋው አይነግረንም።

ስለ ምቾት ብዙ ሰው የሚናገረው እንደ ቅንጦት አድርጎ ነው፤ በዚህ አልስማማም። ትእዛዝ የሚያከብር ወታደር ያልተመቸውንም ቁር ያደርጋል። የአምቦው ሞተረኛ ግን ትእዛዙን የሚያከብረው እስከ ኬላው ድረስ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ከሁለት ሺህ ሜትር በላይ በሆነው ደጋ ሲነሣ ብርዱ ቁሩን ያስወድደዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ግን ያወልቅና በመሪው እጀታ ላይ ያንጠለጥለዋል። በክረምት የፊት መከለያው በትንፋሽ ይደፈናል፤ በበጋ ከገጠር መንገድ የሚነሣው አቧራ ይጭረዋል። ከኋላ የተፈናጠጠውም መንገደኛ ሌላ ሰው ያደረገውን፣ በላብ የራሰውን ቁር ተቀብሎ ማጥለቅ ይቀፈዋል። እነዚህ ሁሉ ተራ ነገሮች ይመስላሉ፤ ግን በግጭቱ ቅጽበት ቁሩ ራስ ላይ ነው ወይስ እጀታ ላይ የሚለውን የሚወስኑት እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ ለጠየቁን የሙያ ጓደኞች የማቀርበው ምክር ከዋጋ ሳይሆን ከልክ ይጀምራል። ቁሩ ሲጠልቅ ጉንጭና ግንባርን እኩል መያዝ አለበት። ራስ ሲወዛወዝ ለብቻው መዞር የለበትም። የአገጩ ጠፍር ከታሠረ በኋላ ከኋላ ወደ ፊት ሲገፋ የሚወልቅ ከሆነ በሻጩ መደርደሪያ ላይ ይቅር። ጠፍሩ ያልታሠረ ቁር ከሰውየው ቀድሞ ይወድቃል። በውስጡ ጣት የሚጠልቅበት ልስላሴ ብቻ ሳይሆን ከልስላሴው ጀርባ ጠንካራ የፎም ልባድ መኖሩን መዳሰስ ያስፈልጋል፤ የሕንፃ ሠራተኛ ቆብ ይህ የለውም። ፎሙ የሚጨፈለቀው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ የተጋጨ ቁር ውጩ ቢያበራም አያገለግልም። ያገለገለ ቁር ከገበያ ሲገዙ ይህን ማወቅ አይቻልም፤ ይህም ከሁሉ የሚያሠጋኝ ነው። ጥቁር ቅርፊት ከነጩ ይልቅ ሙቀት ይስባል፤ በሌሊትም አይታይም። ሙሉ ፊት የሚሸፍነው ከግማሹ ይልቅ አገጭን ያድናል፤ ነገር ግን ሙቀቱን ሳይችል ቀርቶ ሙሉውን ከሚያንጠለጥል ይልቅ በሚገባ የተሠራ ባለ ክፍት ፊት ቁር ቀኑን ሙሉ የሚያደርግ ሰው የተሻለ ተጠብቋል እላለሁ። በዚህ ላይ የሚቃወሙኝ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ።

ነገሩ ለምዕራብ ሸዋ ከሌላው ይልቅ የሚከብደው ርቀት ስላለ ነው። በአምቦ ሪፈራል ሆስፒታል ቢኖርም፣ የራስ ቅል ከፍቶ የፈሰሰ ደም ለማውጣት የሚያስፈልገው ልዩ ሙያ በአገራችን ለረጅም ዘመን በአዲስ አበባ የተወሰነ ነበር። የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው በ2006 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር፣ በኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ተባባሪነት ነው። ከአምቦ አዲስ አበባ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በቅል ውስጥ ደም ለሚፈስበት ሰው ያ መንገድ ምን ያህል እንደሚረዝም ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ወደ ኬርንስ እንመለስ። ጦርነቱ እየሰፋ ሲሄድ ቁስለኛውን ወደ ሐኪሙ ከማምጣት ሐኪሙን ወደ ቁስለኛው መላክ ይሻላል ብለው፣ መሣሪያቸውን በመኪና የጫኑ ተንቀሳቃሽ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ቡድኖች አቋቋሙ። በ1943 ከአገራቸው ልጅ ከሃዋርድ ፍሎሪ ጋር ሰሜን አፍሪካ ወርደው ገና አዲስ የነበረውን ፔኒሲሊን በጦር ቁስል ላይ ሞከሩ። በታኅሣሥ 1945 አሜሪካዊው ጄኔራል ፓተን በጀርመን አገር በመኪና አደጋ አንገታቸው ተሰብሮ በተኙ ጊዜ ኬርንስ በአውሮፕላን ወደ ሃይደልበርግ ተወሰዱ። ጄኔራሉ በዚያው ወር በ21ኛው ቀን ሞቱ። በጦር ሜዳ በሚያንጸባርቅ ቁራቸው የታወቁት ሰው የሞቱት ቁር በማያድነው አካል ላይ በደረሰ ጉዳት ነው። የመኪና ተወዳዳሪዎች ዛሬ ቁራቸውን ከትከሻቸው ጋር የሚያያይዘውን መሣሪያ የሚያደርጉት ለዚህ ነው።

በኦክስፎርድ ከኬርንስ ጋር ከሠሩት አንዱ ከናዚ ጀርመን የተሰደዱት አይሁዳዊው የነርቭ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ነበሩ። ጉትማን በ1944 ከዚያ ወጥተው በስቶክ ማንደቪል የኅብለ ሠረሠር ጉዳት ማዕከል መሠረቱ። ከ25 ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1969፣ ሻምበል አበበ ቢቂላ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን በገዛ መኪናቸው ተገልብጠው ከወገባቸው በታች አልታዘዝ ሲላቸው የተወሰዱት ወደዚሁ ሆስፒታል ነው። በማግሥቱ ዓመት በዚያው በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ተሳትፈዋል።

ኬርንስ በ1946 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። ሐምሌ 18 ቀን 1952 በኦክስፎርድ ራድክሊፍ ሆስፒታል፣ እርሳቸው ባቋቋሙት ክፍል አጠገብ፣ በካንሰር በሽታ ዐረፉ፤ ዕድሜያቸው 56 ነበር። የመኪና ተወዳዳሪዎች ቁር እንዲያደርጉ የተገደዱት በዚያው ዓመት ነው። ወታደር ላልሆነው የእንግሊዝ ሞተረኛ ግን ሕጉ የወጣው ቆይቶ ነው። የግል ነፃነት ተነካ የሚሉ ሰዎች በብርቱ ስለተቃወሙት በብሪታንያ በሞተር ብስክሌት ለሚሄድ ሁሉ ቁር ግዴታ የሆነው ሰኔ 1 ቀን 1973፣ ኬርንስ ከሞቱ ከ21 ዓመት በኋላ ነበር። በ1976 ደግሞ ጥምጥም ለሚያደርጉ ሲኮች ልዩ ፈቃድ ተሰጠ። በእኛም አገር የትራፊክ ደንብ ሞተረኛው ቁር እንዲያደርግ ያዝዛል።